«ሲፒዩ» የምንለው ሣጥን

በአገራችን ጠረጴዛ ላይ ወይም ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠውን የኮምፒውተር ሣጥን «ሲፒዩ» ብለን እንጠራዋለን። ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው «ሲፒዩዬን ይዤ መጣሁ» ይላል። የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍልም በመዝገቡ ላይ «ሲፒዩ፣ ብዛት አንድ» ብሎ ያሰፍራል። ስሙ ግን የሣጥኑ አይደለም። ሲፒዩ በሣጥኑ ሆድ ውስጥ ከሰሌዳው ላይ የተሰካ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ፣ ስሌቱን ሁሉ የሚያከናውን አካል ነው። የነዋሪውን ስም ለቤቱ ሰጥተን ቤቱን ያለ ስም አስቀረነው። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ታሪኩን የሚጠይቅለት አያገኝም።

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስም የለሽ ሣጥን ነው። በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ስለ ቆርቆሮ ሣጥን መጻፍን ምን አመጣው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በአማርኛ ከታተሙት ልቦለዶችና ግጥሞች ብዙዎቹ ማተሚያ ቤት ከመድረሳቸው በፊት በእንዲህ ያለ ሣጥን ውስጥ አድረዋል። ያልታተሙት ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቦሌ ከመከፈቱ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈውም በዚሁ አካባቢ ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ነባሩ መንደር ፈርሶ የዛሬዎቹ ሕንፃዎች በቦታው ቆሙ። ኮንዶሚኒየም ለዕቃ አይራራም። ስቱዲዮ በሚባለው ክፍል አልጋው፣ ምድጃው፣ የመጻሕፍት መደርደሪያውና ረከቦቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ፊት ለፊት ይተያያሉ። ስለዚህ የሞተ ኮምፒውተር መጀመሪያ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ ሥር ይወርዳል፤ ቀጥሎ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ በመጨረሻም ደረጃ ሥር ከጀሪካንና ከተሰበረ ወንበር ጋር ይደረደራል። ደረጃውን በወጣሁና በወረድሁ ቁጥር እነዚህን ሣጥኖች አያለሁ። አንዱ እንደ ሻንጣ የተኛ ነው፤ አንዱ እንደ ግንብ የቆመ ነው፤ አንዱ ሰማያዊ መብራትና መስኮት አለው፤ አንዱ ፊቱ ተነቅሎ ጥርሱን እንዳጣ ሰው ይታያል። መልካቸውን ማን ወሰነው? ለማንስ ብሎ ወሰነው? ታሪካቸውን እንድከታተል ያደረገኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ታሪኩ ከጠረጴዛ ይነሣል። አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1981 ነበር። ሣጥኑ ከብረት የተሠራ፣ ከባድና ጠረጴዛ ላይ የተንጋለለ ሲሆን ሞኒተሩ በጀርባው ላይ ይቀመጥበታል። በዚህም ሣጥኑ የሞኒተር እግር ሆኖ አገለገለ። ሆዱን መክፈት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ከባዱን ሞኒተር አንሥቶ ማስቀመጫ መፈለግ ነበረበት። ማብሪያ ማጥፊያው ትልቅ ቀይ እጀታ ነው፤ የሚገኘው ግን በቀኝ ጎኑ፣ ወደ ኋላ ተጠግቶ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ክፍል የተቀመጠው እዚያ ማዕዘን ላይ ነበር። ለመሐንዲሱ የሚቀለው ማብሪያውን ከኃይል ክፍሉ ጋር መሥራት እንጂ ወደ ተጠቃሚው ፊት ማምጣት አልነበረም።

ከዚያም ሣጥኑ ከጠረጴዛ ወርዶ መሬት ላይ ቆመ። ጠረጴዛው ሰፋ፤ ወረቀትና መዝገበ ቃላት የሚዘረጋበት ቦታ ተገኘ። ሣጥኑ ግን አቧራ፣ የእግር ጣትና የመወልወያ ውኃ ወደሚደርሱበት ወለል ወረደ። አየር የሚስበው በፊቱ ግርጌ በኩል ስለሆነ የቤቱን አቧራ ሁሉ የሚጠርግ መጥረጊያ ሆነ። አሮጌ ሣጥን ከፍቶ ያየ ሰው በማራገቢያው ክንፎች ላይ የተጠቀለለውን ግራጫ ፀጉር መሳይ ነገር ያውቀዋል።

የአፕል ኩባንያ ታሪክ ደግሞ ከሌላ በኩል የመጣ ነው። ስቲቭ ጆብስ የማራገቢያ ድምፅ አይወድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አፕል 3 በእርሱ ፍላጎት ያለ ማራገቢያ ተሠራ፤ ሙቀቱ በአሉሚኒየም መቀመጫው በኩል እንዲወጣ ታሰበ። አልበቃም። ክፍሎቹ በሙቀት እየሰፉና እየጠበቡ ከመሰኪያቸው ይላቀቁ ጀመር። ኩባንያው ለደንበኞች የሰጠው ምክር ዛሬም የሚያስቅ ነው፤ ማሽኑን ከጠረጴዛው ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት የሚል ነበር። ሲወድቅ የተላቀቁት ክፍሎች ወደ ቦታቸው ይገባሉ ተብሎ ነው። በእኛም ዘንድ አልሠራ ያለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመዳፍ ሲመታ አይተናል፤ የምቱን ትእዛዝ ከአምራቹ መቀበል ግን ለብቻው ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ማኪንቶሽም ማራገቢያ አልነበረውም። ራሱ ላይ የመሸከሚያ እጀታ አለው፤ ከኋላው ግን ተራ ካቻቢቴ በማይፈታው ብሎን ተዘግቷል፤ ለመክፈት ረጅም አንገት ያለው ልዩ መፍቻ ያስፈልጋል። በፕላስቲኩ የውስጥ ግድግዳ ላይ የሠሪዎቹ ፊርማ ታትሟል። ሠዓሊ ሥራውን እንደሚፈርም መሆኑ ነው፤ ፊርማውን ማየት የሚችለው ግን እንዳይከፍት የተከለከለው ሰው ብቻ ነው። ሙቀቱ ያስቸገራቸው ሰዎች ማሽኑ አናት ላይ ከካርቶን የተሠራ ጭስ ማውጫ ይደፉበት ነበር፤ ይህም ማክ ቺምኒ በሚል ስም ተሽጧል። ለውበት ሲባል የተከለከለው ቀዳዳ በካርቶን ባርኔጣ ተመለሰ።

ትምህርቱ ግን አልተቀሰመም። እ.ኤ.አ. በ1997 አፕል ሃያኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ያወጣው ማሽን 7,499 ዶላር ተተመነለት፤ ገጽታው ቀጭን እንዲሆን ኃይል ሰጪው ክፍል ከወፍራም ድምፅ ማጉያ ጋር በሌላ ሣጥን ተቀምጦ መሬት ላይ ወረደ። በዓመት ገደማ ውስጥ ዋጋው ወደ 1,995 ዶላር አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2000 ኪዩብ የሚባለው መጣ፤ ጎኖቹ ሁሉ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ፣ ግልጽ ፕላስቲክ የለበሰ፣ በአየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስል። ማራገቢያ የለውም፤ ትኩሱ አየር በአናቱ ይወጣል። ማብሪያውም እዚያው አናቱ ላይ ነበር፤ በመንካት ብቻ ይሠራል። የጸሐፊ ጠረጴዛ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ቀሪውን መገመት አይቸግረውም። ጠፍጣፋ ነገር ባለበት ሁሉ ወረቀት ይቀመጣል፤ በኪዩብ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ግን መተንፈሻውን ይደፍናል። በፕላስቲኩም ላይ ስንጥቅ የሚመስሉ መስመሮች ታዩ። አንድ ዓመት ሳይሞላው ምርቱ ቆመ። ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራውን ጥቁር ማክ ፕሮ ደግሞ ሰዎች «የቆሻሻ ቅርጫት» አሉት። ሲሊንደር ቅርጽ ያለው፣ መሐሉ ባለ ሦስት ጎን ምሰሶ የሆነ፣ በአንድ ማራገቢያ ሁሉንም የሚያቀዘቅዝ ብልሃተኛ ሥራ ነበር። ነገር ግን ቅርጹ የዚያን ዓመት ክፍሎች ብቻ ልክ ይዞ ተሰፋ። የበለጠ ሙቀት የሚያመነጩ ክፍሎች ሲመጡ የሚገቡበት ቦታ አጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 የኩባንያው ኃላፊዎች ራሳቸውን በሙቀት ማዕዘን ውስጥ እንዳስገቡ በግልጽ ተናገሩ፤ በ2019ም ወደ ተራው ቋሚ ሣጥን ተመለሱ። ለተማሪ ሲሰፋ ያደገ ልጅ ታስቦ እጥፋት እንደሚተውለት ሱሪ፣ ለሣጥንም እጥፋት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ትንሹ ማክ ሚኒ ደግሞ ማብሪያው ከሆዱ በታች ነው፤ ለማብራት ማሽኑን ከፍ ማድረግ ግድ ይላል። ከቀዩ እጀታ አርባ ሦስት ዓመት በኋላ ማብሪያው አሁንም ወደ ሰው ፊት አልመጣም።

ፍርዴ ሚዛን እንዳይስት አንድ ነገር መመስከር አለብኝ። የዝምታ ፍላጎት የቅንጦት ፍላጎት ብቻ አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ የሚጽፍ ሰው፣ በተለይም ልጆቹ በአንድ ክፍል አብረውት የሚተኙ ሰው፣ የማራገቢያ ጩኸት ምን ያህል ከሐሳብ እንደሚያናጥብ ያውቃል። ጆብስ የፈለገው ነገር መልካም ነበር። ስሕተቱ ዝምታውን ያገኘው ሙቀቱን በማስወገድ ሳይሆን በማፈን መሆኑ ላይ ነው።

እነዚህ እንግዲህ የዓይን ሣጥኖች ናቸው። እኛ አገር በብዛት የገባው ግን ሌላው ዓይነት ነው፤ «ክሎን» የምንለው፣ ከስስ ላሜራ የተቆረጠው፣ የዓይን ሳይሆን የመጋዘን ሣጥን። ይህኛው የተቀረጸው በርካሽ እንዲሠራና በኮንቴይነር ተደራርቦ እንዲጫን ነው። የላሜራው ጠርዝ ሳይሞረድ ስለሚቀር እንደ ምላጭ ይስላል፤ የኮምፒውተር ጠጋኞች የእጅ ጀርባ ላይ ያሉት ቀጫጭን ጠባሳዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበሩት ደግሞ ፊታቸው ላይ «ተርቦ» የሚባል ቁልፍና ፍጥነትን የሚያሳይ የቁጥር መብራት ነበራቸው። ቁጥሩ ምንም አይለካም፤ ከመብራቱ ጀርባ ባሉ ትናንሽ መሰኪያዎች ሻጩ የወደደውን ቁጥር ማስነበብ ይችል ነበር።

ከጀርባው ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀይ መዝጊያ ነበረች፤ በአንድ በኩል 115፣ በሌላ በኩል 230 ትላለች። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ኮምፒውተር ይህች መዝጊያ ሳትገፋ ከግድግዳ ጋር ሲገናኝ አንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ የስንት ወር ናፍቆት በአንድ ሴኮንድ ያበቃል። የመኪና ዋጋ ያህል ለነበረ ዕቃ ሕይወትና ሞት የሚወስነው ነገር ከጀርባ፣ በጨለማ፣ ከጥፍር በማይበልጥ ፕላስቲክ ላይ ተጽፎ ነበር።

በእነዚህ ላይ የራሳችን አገር ተፈጥሮ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር አምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ ሙቀትን የሚያወጣው አየርን ተሸካሚ አድርጎ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ተሸካሚው ያንሳል። ሐርድ ዲስክም ቢሆን የሚያነበው በአየር ትራስ ላይ በሚንሳፈፍ ራስ ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾች ከ3,000 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሠራበት ያሳስባሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ስናስብ ለወሰኑ ምን ያህል እንደምንቀርብ እንረዳለን። በቆላ ነፋስ የተለካ ቀዳዳ ለደጋ አይበቃም።

የእኛ ፍቅርም ሣጥኑን አልጠቀመውም። ቴሌቪዥን በዳንቴል እንደሚሸፈን ኮምፒውተርም ተሸፈነ፤ እናቶች በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል በአናቱ ላይ ተዘረጋ፤ በላዩም የፕላስቲክ አበባ ቆመ። ክብር ነበር። ውድ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሣጥኑ ግን በትንፋሽ የሚኖር ነበርና ክብራችን አፈነው። አሁን አሁን ደግሞ ጎኑ መስታወት የሆነ ሣጥን መጥቷል። ይህ ዓይነቱ የተጠናከረ መስታወት ጠርዙ ከሴራሚክ ወለል ጋር ሲነካካ እንደ ጨው ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ኤንዜድኤክስቲ ኤች1 የተባለ ቀጥ ያለ ሣጥን ከውስጡ አንድ ብሎን የኤሌክትሪክ ግንኙነት ፈጥሮ እሳት ሊያስነሣ ይችላል ተብሎ 32,000 ያህሉ ከገበያ ተሰብስቧል። ብሎን እንኳ ያለቦታው ሲገባ ቤት ያቃጥላል።

የሆነ ሆኖ፣ መልከ ጥፉው የመጋዘን ሣጥን አንድ ትልቅ ውለታ ውሎልናል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን ልክ ካወጣ ወዲህ የአንዱ ፋብሪካ ሰሌዳ በሌላው ፋብሪካ ሣጥን ይገጥማል፤ የብሎኑ ቀዳዳ ያው ነው፤ ኃይል ሰጪው ያው ነው። ስለዚህ የእኛ ጠጋኝ ከሦስት ሬሳ አንድ ሕያው ያስነሣል። ሙዚየም የገባው ኪዩብ ይህን ዕድል አላገኘም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ጎኑ ተከፍቶ፣ የጠረጴዛ ማራገቢያ ፊት ለፊቱ ተደግኖበት፣ የሰውን አቤቱታ ሲተይብ የሚውለው ሣጥን ከዚህ ወገን ነው። ውበት የለውም፤ ግን ይከፈታል።

እኛስ ለጽሑፍ ሣጥን መሥራትን አናውቅም ነበርን? እናውቃለን፤ ያውም ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ። የብራና መጽሐፍ ማኅደር አለው። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ የተሰፋ የቆዳ ከረጢት ነው፤ ከላይ ክዳን፣ ከጎን ማንገቻ ጠፍር አለው። ካህኑ በጠፍሩ አንግቦ ተራራ ይወጣል፤ ሲደርስ ግድግዳ ላይ ካለ ካስማ ይሰቅለዋል። በመሰቀሉ ከመሬት እርጥበት፣ ከአይጥና ከእግር ይርቃል። መጽሐፉ ሲለቅ ማኅደሩ በሌላ ቆዳ ይታደሳል። ሰፊው ማን እንደሚሸከመው፣ በየት እንደሚሄድና የት እንደሚያድር አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሙቀትንም በተመለከተ እናቶቻችን ሳይማሩ የቀሩ አይደሉም፤ ትኩስ እንጀራ ተደራርቦ ላብ እንዳይቋጥር መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ይበርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው መሶብ የሚገባው። የሚገርመው፣ ዛሬ በአማርኛ የኮምፒውተር ቃላት «ማኅደር» ስንል ፋይሎች የሚሰበሰቡበትን ምናባዊ ቦታ ማለታችን ነው። ቃሉን ለማይጨበጠው ሰጥተን የሚጨበጠውን ሣጥን «ሲፒዩ» አልነው።

የስም ስሕተት ቀላል ነገር የሚመስለው ይኖር ይሆናል። በሕንፃችን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ለዓመታት በቪዥዋል ግዕዝ ግጥም ይተይቡ ነበር። ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ፣ እርሳቸው በሌሉበት፣ አሮጌው ሣጥን ለቆራሌው ተሸጠ። ሲመለሱ ግጥሞቼስ ብለው ቢጠይቁ ልጃቸው ደንግጣ ወደ ሞኒተሩ አመለከተች፦

«አባዬ፣ ጽሑፉማ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ሲፒዩው ነው እንጂ የተሸጠው!»

ልጅቷን ማን ይወቅሳታል? ጽሑፉ የሚታየው ሞኒተሩ ላይ ነው። ሣጥኑ ጽሑፍ እንደሚይዝ የሚናገር ምንም ነገር በላዩ አልነበረም፤ የቁጥር መብራት አለው፣ የኩባንያ ስም አለው፣ ቁልፍ አለው፤ «እዚህ ውስጥ የሰው ሥራ አለ» የሚል ግን ምልክት የለውም። ማኅደር ግን ገና ከሩቅ ሲታይ መጽሐፍ እንዳለበት ይታወቃል፤ ማንም በቆዳ ዋጋ አይሸጠውም። ቆራሌው ሣጥኑን የገዛው በቆርቆሮ ዋጋ ነው። መምህሩ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሷቸውን ግጥሞች በደብተር ይጽፉ ጀመር፤ ብዙውን አላስታወሱም።

ከዚህ በላይ የምለው ጥቂት ነው። አማርኛ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው ሁሉ በየአልጋው ሥርና በየደረጃው ሥር ባሉ ሣጥኖች ውስጥ ነው። ፊደሎቹ በአዲስ ማሽን ሲከፈቱ የተዘበራረቁ ምልክቶች ሆነው ቢታዩም አልጠፉም፤ ትክክለኛው ፎንት ሲገኝ ይነበባሉ፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጥም ይቻላል። ሐርድ ዲስኩ ብዙውን ጊዜ በአራት ብሎን የተያዘ፣ ከአንድ አነስ ያለ መጽሐፍ የማይበልጥ ጥቁር ወይም ብርማ ብረት ነው። ቆራሌው ሲጣራ ሣጥኑን ከመስጠታችሁ በፊት ጎኑን ክፈቱ፤ ጠርዙ እጃችሁን እንዳይቆርጥ ተጠንቅቃችሁ አራቱን ብሎን ፍቱ፤ ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመጻሕፍቶቻችሁ ጋር አስቀምጡት፤ በላዩም የጸሐፊውን ስም ጻፉበት።